በወጭት ላይ የሚተከል እሬትና እንዳሁላ

(በወንጪ ለንባብ ክፍል ተማሪዎች የተሰጠ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ ወዲህ ለንባብ የሚሆን ነገር አምጣልን እያላችሁኝ ነው። ባለፈው ስለ ምንጭ ጥበቃ አነበብን፤ ከዚያ በፊት ስለ እህል ነቀዝ። የዛሬው ግን አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። በገል ወይም በወጭት ላይ፣ ያውም በቤት ውስጥ፣ ስለሚተከል እሬትና እንዳሁላ ነው። «ተራራው ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት አገር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ምን ተክል ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ እጄ የሠራሁት አንድ ጥፋት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ለማስተማር ተመድቤ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ማረፊያዬ በአንዲት እናት ቤት ሆነ። እሳቸውም እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን አልጠራም። በቤታቸው መስኮት ደፍ ላይ ከንፈሩ የተሸረፈ አሮጌ ወጭት አለ። በወጭቱ ውስጥ አንድ እሬት ከሦስት ልጆቹ ጋር ነበረ፤ በጎኑ እንዳሁላ፣ ዙሪያውን ደግሞ ወደ ሐይቁ ከሚያወርደው መንገድ የተለቀሙ ጥቁርና ቀይ ጠጠሮች። እሬቱን ያመጡት ሲያገቡ ከእናታቸው ደጃፍ ነቅለው ነው። እናታቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። ያ ደጃፍም የሌላ ሰው ይዞታ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው።

ነሐሴ ላይ ልጃቸው አምቦ ወልዳ ሊያርሷት ሄዱ። ሲወጡ «ልጄ፣ ቤቱን አደራ» አሉኝ። ስለ እሬቱ ምንም አላሉም። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ አይደል! አደራውን ከፍ አድርጌ ልጠብቅ ብዬ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስኩበት። በሁለተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሱ። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ሳየው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ላቃናው ብነካው እጄ ላይ ቀረ። ሥር የሚባል ነገር አልነበረውም። ሽታው የረግረግ ጭቃ ሽታ ነው።

እማማ ሲመለሱ ገና ዕቃቸውን ሳያወርዱ ደጃፍ ላይ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው ገቡና ተክሉን አንስተው አሸተቱት። «በጥጋብ ሞተ» አሉ። ከዚያም ቢላዋ አምጣ አሉኝ። የበሰበሰውን እየቆረጡ ደህናው ሥጋ ጋ ለመድረስ ሞከሩ። ዋናው እሬት ደህና ሥጋ አልተገኘበትም። ከሦስቱ ልጆቹ ሁለቱም እንደዚያው። አንዱ ብቻ፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጠው፣ ልቡ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ቆርጠው በደረቅ ገል ላይ አኖሩትና ከምድጃው ራቅ ብሎ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። «አሁን ደግሞ ሳትነካው ጠብቀው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው በጥጋብ መሞት ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፍ መፈለግ የጀመርኩት።

እንደ እሬት፣ እንደ እንዳሁላና እንደ ቁልቋል ያሉትን ውሃ ቋጣሪ ተክሎች ልንላቸው እንችላለን። እናንተ በኦሮምኛ ሀርጊሳ፣ ቦሶቄና አዳሚ የምትሏቸው ናቸው። ዝናብ ሲገኝ ውሃውን በወፍራም ቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ውስጥ ያከማቻሉ፤ ዝናብ ሲጠፋ ከዚያው እየቀነሱ ይኖራሉ። ስለዚህ ቅጠሉ ጎተራው ነው። የእኔ ጥፋት የሞላ ጎተራ ላይ እህል እንደ መድፋት ነበር።

ነገሩ ግን ከዚህም ያልፋል። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት አየር ይይዛል፤ ሥሩም የሚያስፈልገውን አየር የሚያገኘው ከዚያ ነው። ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ይሞታል፤ የሞተውን ሥር ደግሞ ሻጋታና ልዩ ልዩ ተሐዋስያን ይበሉታል፤ መበስበሱም ወደ ላይ ወደ ግንዱ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሥሩ የሞተ ተክል ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። እኛ ቅጠሉን አይተን ተጠማ እንላለን። ከዚያ ያው እንደ እኔ ጣሳ ማንሳት ነው። የተጠማ እሬት ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ይጨማደዳል፣ ግን ይጠነክራል። ውሃ የበዛበት እሬት ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ እንደ ሻይ ይሆናል፣ ሲጫኑት ይፈርጣል። ይኼን ልዩነት ነሐሴ ላይ ባውቀው ኖሮ!

ሌላም የሚደንቅ ጠባይ አላቸው። አብዛኛው ተክል አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች የሚከፍተው ቀን ነው። ብዙዎቹ ውሃ ቋጣሪዎች ግን ቀን ዘግተው ማታ ይከፍታሉ፤ ፀሐይ ውሃቸውን እንዳትወስድባቸው። ማታ ያስገቡትን አየር በኮምጣጣ መልክ አኑረው ቀን ምግብ ይሠሩበታል። ሕንድ አገር ይኖር የነበረ ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሐኪም፣ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀመስ ኮምጣጣ፣ ከቀትር በኋላ ግን ጣዕም የለሽ መሆኑን አስተውሎ የጻፈው ደብዳቤ በ1815 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እናንተ ግን እንዳትቀምሱ። በዚህ ወገን ካሉት ተክሎች መካከል ልብ የሚያውክ መርዝ ያለባቸው አሉ፤ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ከብት ገድለዋል። ጥጃና ፍየል ከሚደርሱበት ቦታ አርቁት።

እንግዲህ ወደ አገራችን ወደ ወንጪ እንመለስ። ስለ እነዚህ ተክሎች የሚጻፈው ምክር በአመዛኙ ለሞቃትና ለደረቅ ቤት የተጻፈ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አጠጡ ይላል። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ግድም ነው። ክረምቱ ረጅም፣ ጉሙ ወፍራም፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቆላ ላይ በሦስት ቀን የሚደርቅ አፈር እዚህ ሐምሌ ላይ ሦስት ሳምንት ርሶ ይቆያል። ስለዚህ መጽሐፉን ሳይሆን አፈሩን መጠየቅ ነው። ይህንንም ቢሆን እማማ ያውቁት ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ዕቃው። የሚገዛ ነገር የለም። የተሸረፈ ወጭት፣ የተሰበረ እንስራ ታችኛው ክፍል፣ የተሰነጠቀ ድስት፣ አሮጌ የብረት ሳህን ሁሉ ይሆናል። ከሁሉም የሚሻለው ያልተቀባ የሸክላ ገል ነው፤ ሸክላ በጎኑም ጭምር እርጥበት ያስወጣል። ስፋቱ አንድ ስንዝር፣ ጥልቀቱ አራት ጣት ያህል ከሆነ ለሦስት ወይም ለአራት ትንንሽ ተክሎች ይበቃል።

ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ይህ የግድ ነው። ሸክላ ከሆነ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጣችሁ በሚስማር ጫፍ ቀስ እያላችሁ እንደ መሰርሰሪያ አዙሩ። በመዶሻ የመታችሁት እንደሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ እኔ ሁለት ገል ፈጅቻለሁ። የብረት ሳህን ከሆነ ግን ሚስማርና መዶሻ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ትቶ ከታች ጠጠር ቢያነጥፍ ውሃው ወደ ጠጠሩ ወርዶ ሥሩ የሚድን ይመስለዋል። አይድንም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጠጠሩ የሚሠራው ነገር ቢኖር አፈሩን አሳንሶ እርጥቡን ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው። ቀዳዳው ላይ አፈሩ እንዳይፈስ አንዲት ቁራጭ ገል ጣል ማድረግ ብቻ ይበቃል።

አፈሩን በሚመለከት ወንጪ የታደለ ነው። ሐይቃችን ያለው በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ባለፈው ተነጋግረናል። እሳተ ገሞራ ከሚተፋቸው ነገሮች አንዱ ያ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሲያነሱት የሚቀል፣ እግር የምንፈገፍግበት ድንጋይ ነው። የግንባታ ሰዎች ፑሚስ ይሉታል። በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ በምስርና በሽምብራ መጠን ያለውን ለዩ፤ ዱቄቱን ንፉና ጣሉት፤ ዱቄቱ ክፍተቱን ይደፍናል። ከዚህ ከተለየው ድንጋይ አንድ እጅ፣ ከወንዝ ሻካራ አሸዋ አንድ እጅ፣ ከጓሮ አፈር አንድ እጅ ቀላቅሉ። በጣም የቆየና ሽታው የጠፋ ፍግ ካለ አንድ ጭብጥ መጨመር ይቻላል። ትኩስ ፍግ አይሆንም። አመድም አታብዙ፤ ጨው አለው። የቀላቀላችሁትን አርጥባችሁ በመዳፋችሁ ጨብጡትና ልቀቁት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ድንጋይ ጨምሩበት፤ ከተበታተነ ደህና ነው።

ተክሉን በተመለከተ፣ እሬት ልጆቹን በሥሩ ዙሪያ ያወጣል። ከጎረቤት ደጃፍ አንድ ልጅ ለምኖ ማግኘት ይቻላል፤ ለእሬት ልጅ ማን ይከለክላል? እንዳሁላ ደግሞ የአንድ ጣት ርዝመት ካለው ቅርንጫፍ ይበቅላል። የቆረጣችሁትን ወዲያው አትትከሉ። ቁስል ነው። ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና የተቆረጠው በኩል ደርቆ ቆዳ ያውጣ። በበጋ አራት ወይም አምስት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ከአሥር ቀንም ሊያልፍ ይችላል። የእማማ እሬት መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆይቷል፤ በየቀኑ ስለምቆጥር አልረሳውም።

ስትተክሉ እሬቱን ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉት፤ ቁመቱ ይጨምራልና። እንዳሁላውን ወደ ጎን። በመካከላቸው የሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። አንገታቸው ከአፈሩ በላይ ይሁን፤ የተቀበረ አንገት ይበሰብሳል። ከላይ ጠጠር ብታለብሱት ያምራል፤ የታችኛውንም ቅጠል ከእርጥብ አፈር ያርቃል። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ የለም። ሲተከል ውሃ ማጠጣት የለመደ ገበሬ ይኼ ይከብደዋል፤ እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

እዚህ ላይ ስለ ቁልቋል አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደ አምቦና ወደ ጉደር ዝቅ ሲባል ለአጥር የሚተከለው ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት በወጭት ላይ ባትተክሉት እመርጣለሁ። አንዳንድ ሰው የአሜሪካኑን በለስና የእኛን ቁልቋል አንድ አድርጎ ካክተስ ይላቸዋል። እሾሃቸው ቢያመሳስላቸውም ዘመድ አይደሉም፤ በለስ ቢቆረጥ ወተት አያወጣም። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ የገባበት ሰው ቢኖር ሳታሹት ወዲያውኑ ብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እያፈሰሳችሁ እጠቡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገ እናየዋለን አይባልም።

እሬትም ቢሆን ጠንቅ የለውም ማለት አይደለም። መራራነቱን ጡት ያስጣሉ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ከቆዳው ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ቢጠጣ ሆድ ክፉኛ ያስኬዳል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን በፍጹም አይሆንም። መሐሉ ላይ ያለውን እንደ ውሃ የጠራ ልቃቂት ለትንሽ የእሳት ቃጠሎ የሚቀቡ አሉ። ውሃ ለቋጠረና ለሰፋ ቃጠሎ ግን መድኃኒቱ ያለው ጤና ጣቢያ ነው።

ወደ ማጠጣቱ እንሂድ፤ የእኔ ውድቀት እዚያ ነውና። መለኪያችሁ የቡና ሲኒ ይሁን እንጂ ጣሳ አይሁን። አንድ ስንዝር ስፋት ላለው ወጭት ሁለት ሲኒ ይበቃል። ከማጠጣታችሁ በፊት አንድ ቀጭን ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ አውጡ። አፈር ይዞ ከወጣ ወይም ሲነካ ከቀዘቀዘ አታጠጡ። ደረቅ ሆኖ ከወጣም ሌላ ሁለትና ሦስት ቀን ታገሡ። በእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየአሥራ አምስት ቀኑ ግድም ይደርሳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በወር አንዴ ወይም ጨርሶ ምንም። የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው። የአምቦን ውሃም ሆነ በዚህ አካባቢ የሚፈልቀውን ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ አትጠቀሙ፤ ለሰው ቢጥምም የያዘው ጨው አፈሩ ላይ እየቀረ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ስታጠጡ ውሃው አፈሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ በእሬቱ ልብ ውስጥ አይጠራቀም። ከታች የወጣውንም ድፉት።

ብርሃን ይፈልጋሉ። በሣር ቤት ጓዳ ውስጥ ያለ እሬት ብርሃን ፍለጋ እየተመዘዘ ይቀጥንና ይገረጣል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ወይም የበር አጠገብ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ወጭቱን ሩብ ዙር አዙሩት፤ አለበለዚያ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ጓዳ የከረመውን በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ይጠበሳል፤ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት እያላችሁ አለማምዱት። ውርጭ በሚወርድባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ከመስኮቱ አንስታችሁ ወደ ውስጥ አግቡት። ቅጠሉ የሞላው ውሃ ስለሆነ በረዶ ከሠራ ይፈነዳል። የምድጃ ሙቀት ይረዳዋል፤ የምድጃ ጢስ ግን ጥላሸት ያለብሰዋል። በወር አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ቅጠሉን ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። በቅጠሉ ብብት ውስጥ እንደ ጥጥ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ጥጥ አረቄ አስነክታችሁ ጥረጉት። ይህን ስናገር እዚያ ኋላ የሳቁትን አባት አይቻለሁ፤ የተረፈውን አረቄ ምን እንደሚያደርጉት አልጠይቅም።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። ወንጪን የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ጎብኚ በዝቷል። ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ከገደሉ ላይ እሬት ነቅሎ እንዲያመጣለት አንዱን ልጅ ሲለምነው ሰማሁ። ልጁ እምቢ አለ፤ ገደሉን ፈርቶ ይሁን ሌላ አላውቅም። የኢትዮጵያ የእሬት ዓይነቶች ከ40 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ በሌላ አገር አይገኙም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌይቷ ተመራማሪ ከኢንገር ኖርዳል ጋር ስለ እነርሱ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ከዓይነቶቹ አንዱ በደብረ ብርሃን፣ አንዱ በአንኮበር ስም ይጠራል። የአንኮበሩ የሚያድገው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ ከዚያ ቢነቀል የሚተካው በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። የዱር እሬት ከአገር ወደ አገር ለመሻገርም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለወጭታችን ከገደል አንነቅልም፤ ከደጃፍ እንለምናለን። ለሽያጭም ቢሆን እናንተው ከልጁ አራብታችሁ በገል ላይ የተከላችሁትን ብትሸጡ ገደሉ እንዳለ ይቀራል፤ እናንተም የሚሸጥ አታጡም።

ያ የተረፈው የእሬት ልጅ ምን ሆነ ለምትሉኝ ይኸውና ይዤው መጥቻለሁ። በመስከረም መጨረሻ እማማ በአዲስ አፈር ተከሉት። ኅዳር እስኪገባ ድረስ ምንም ለውጥ አላየሁበትም፤ ጠዋት ጠዋት ዝም ብዬ አየዋለሁ። በታኅሣሥ አንድ ቀን ቀስ ብዬ ሳብ ባደርገው አልነቀል አለኝ፤ ሥር ይዟል። አሁን አምስት ቅጠል አለው። ማጠጫ ሲኒዋ እማማ ዘንድ ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሰጡኛል፤ ስንጥሩን ሰክቼ ካላሳየኋቸው ግን አይሰጡኝም።

ወጭቱን እየተቀባበላችሁ እዩት፤ አደራ እንዳይወድቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ገልና ሚስማር ይዛችሁ ኑ። ድንጋዩን እኔ ቀጥቅጬ አመጣለሁ።